ቆጣሪ አንባቢው አሳ ሲቀቅል

ሠላሳ ሁለት ዓመት የመብራት ቆጣሪ አነበብኩ፣
በየግቢው በር ላይ «ውሻ አለ? ያዙልኝ!» እያልኩ።
ከአዘዞ እስከ ማራኪ፣ ከፒያሳ እስከ ቀሃ፣
ባቴን ያልቀመሰ ቢኖር፣ ጦሙን ያደረ በውሃ።
አንዱ ቡሬ ነክሶኝ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ፣
አሥራ አራት መርፌ ቆጠርኩ፣ በእምብርቴ ዙሪያ።

ውሻ ጠላሁ።
ጡረታ ወጣሁ።
ይሉኝታ መጣ።

ስሙ ነው። ዘርፌ፣ የልጄ ልጅ ናት ያወጣችለት፣
ደብረ ታቦር ለሥራ ስትሄድ፣ እኔን የተወችለት።
ይሉኝታ! ስም ብቻ! ከድስት አፍ፣ ከእንግዳ ጉርሻ፣
እየነጠቀ የሚሮጥ፣ ይሉኝታ የሌለው ውሻ።

ሁዳዴ ሲገባ፣ ሥጋ ቤት ሲዘጋ፣
እኔስ ሽሮ አለልኝ፤ ለሱ ማን ይሥጋ?
ባዬ፣ ከጎርጎራ በአይሱዙ የሚያመጣ አሳ፣
የጥብስ ቅሪት ሰጠኝ፤ «ለውሻህ ነው፣ ጾምህን እንዳትረሳ!»

ሽንኩርቱ እንዳለ፣ አዋዜው እንዳለ፣ አጥንቱም እንዳለ፣
ወረወርኩለት።
ዋጠው።
ከዚያ ዝም።
ከዚያ አንገቱን እንደ ተሰበረ ቧንቧ አጠመዘዘ፤
ለሃጩ በአረፋ ተጎተተ፣ ዓይኑ እኔ ላይ ፈዘዘ።

ታቅፌው ወጣሁ። ባለ ባጃጁ «ውሻ አልጭንም» አለኝ፤
«ሰው ነው» አልኩት። ለምን እንዳልኩ እንጃ፤ አፌ ቀደመኝ።

የከብት ሐኪሟ፣ እቴነሽ፣ ገና ልጅ ነች፤
«አባባ፣ አፉን ይያዙልኝ» ብላ አዘዘች።
ያዝኩት። እኔ! በሁለት እጄ!
በረዥም ጉጠት አንዲት እሾህ ከጉሮሮው መዘዘች፣
ከክብሪት እንጨት የቀጠነች፣ ነፍስ ልትወስድ የነበረች።

ከዚያ ተቆጣችኝ፣ ሽበቴን ሳትፈራ፦
«ጥሬ አይስጡት፣ ትል አለበት። ጥብሱም ዘይቱ ይጎዳዋል።
ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ የውሻን ደም ይበላል።
ጨው የለም፣ በርበሬ የለም፤ ውሃ ብቻ ይበቃዋል።
አጥንቱን ግን ዓይንዎን አይመኑ፤ በጣትዎ ይዳስሱ፣
ጣት የሳታትን እሾህ፣ የሚያገኛት ጉሮሮ ነው የሱ።»

ፋሲካ አለፈ። ሥጋ ቤቱ ተከፈተ። እኔ ግን
ዓርብ ዓርብ ከባዬ ዘንድ አንዲት ቆሮሶ እገዛለሁ፣
ቅርፊቷን በቢላ ጀርባ እፍቃለሁ፣
ክንፏን ቆርጬ፣ ሆድ ዕቃዋን አርቄ እቀብራለሁ።
ትንተከተካለች፣ ሥጋዋ ነጥቶ ካጥንት እስኪላቀቅ፤
ይሉኝታ በሩ ላይ፣ በጭራው መሬት ሲጠርግ፣ ሲጠብቅ።

ስትበርድ መነጽሬን አደርጋለሁ፤ ይኼው ነው ሥራዬ፣
ቆጣሪ ማንበብ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ድሮዬ።
አንድ። ሁለት። ሰባት።
ሥጋው ውስጥ ተሸሽጋ፣ እንደ ስርቆት መስመር፣
ስምንተኛዋ። ዘጠኝ።
አሥራ ሦስት ላይ ቆምኩ።
ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ዕዳ ስቆጥር ከርሜ፣
ይኼን ቁጥር ብቻ ነው የማነበው ደግሜ።

አንድ መዳፍ ብቻ፣ ከነጭ ሩዝ ጋር።
(ሲበዛ ሆድ ያውካል ብላኛለች።)
እኔ ሰዓት ሙሉ የለቀምኩትን፣ እሱ በሁለት ላሰ ጨረሰ፤
ሳህኑን ገለበጠ፤ የለም፤ መልሶ ገለበጠ፤ አነፈነፈ፤ ተመለሰ።

ጎረቤቴ ስማቸው ከቆርቆሮው በላይ አንገቱን አስግጎ፦
«ለውሻ እሾህ ለቃሚ! ሰው ምን ይላል? አንተ ሽማግሌ፣
ይሉኝታ የለህም?»
«አለኝ» አልኩት፣
«ይኸው፣ በልቶ ተኛ።»

ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ፣ እጅጌዬ ላይ
አንዲት እሾህ ተሰክታ አገኘሁ።
መብራት አበራሁ።
አሥራ አራት።